ድኩላዋን ያስመለጠው ሳል

በልጅነቴ ሳል ነበረብኝ። ብርድ ሲመታኝ መጥቶ፣ ትንሽ አስቸግሮ የሚሄድ ዓይነት አይደለም፤ ጭስ ሲሸተው የሚነሳ፣ አቧራ ሲያይ የሚነሳ፣ «ዝም በይ» ስባል ደግሞ ይበልጥ የሚብስበት፣ የራሱ ጠባይ ያለው ሳል ነበር። እናቴ የዝንጅብል ውሃ ታጠጣኛለች፣ አክስቴ ደረቴን በቅቤ ታሸኛለች፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጸሎት ይደረግልኛል፤ ሳሉም ሁሉንም በትዕግሥት አሳልፎ ተመልሶ ይመጣል። ያኔ ግን ሳሉ ራሱ ያን ያህል አያስጨንቀኝም ነበር። የሚያስጨንቀኝ የአያቴን ድኩላ ማስደንበሩ ነው።

የምንኖረው ከአርባ ምንጭ ወጣ ብላ ባለችው ላንቴ ነበር። የእኛና የአያቶቼ ቤት በአንድ ግቢ ውስጥ ሆኖ፣ ዙሪያችንን የከበበው ሙዝ ስለሆነ ማታ ነፋስ ሲነሳ ቅጠሉ ሲንሿሿ ይሰማል። አያቴን አባባ እንለዋለን። እኔ ባወቅሁት ዘመን አባባ ከሙዝና ከማንጎ ሌላ ነገር የማይነካ ገበሬ ነበር፤ በወጣትነቱ ግን፣ አደን ሳይከለከል በፊት፣ ጦር ይዞ ደን የሚገባ አዳኝ ነበር። ያኔ የሐሬ ወንዝ ዳርቻ እስከ ዓባያ ሐይቅ ድረስ ሰው በጎን ካልሆነ የማያልፍበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበር ይለናል። እኛ ሙዝ የምንጭንበት ቦታ ላይ ድኩላ ይተኛ እንደነበር ሲነግረን ለማመን እንቸገር ነበር፤ ግን ማመን ደስ ስለሚል እናምነዋለን።

ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ የአጎቴ ልጆች ከምዕራብ ዓባያ ይመጣሉ። ያኔ ቤቱ ይሞላል። የበቆሎ ቂጣችንን በሽፈራው ቅጠል በልተን እንደጨረስን፣ ገና እጃችን ሳይደርቅ፣ እሳቱ ዙሪያ ቦታ ለመያዝ እንጋፋለን። ኩራዙ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ግማሽ ፊታችንን ያበራል፤ ሌላውን ግማሽ ፍሙ ያቀላዋል። እማማ፣ ሴት አያቴ ማለቴ ነው፣ ከኋላችን ጥግ ይዛ ጥጥ ትፈትላለች። አባባ በርጩማው ላይ ይቀመጥና ከምድጃው ዳር አመድ ቆንጥሮ በፊቱ ከፍ አድርጎ ይለቀዋል። አመዱ ወዴት እንደሚበን ያያል። ከዚያ አንዳችንን ከወዲህ፣ አንዳችንን ከወዲያ ያዘዋውረናል። ደን ውስጥ ነፋሱን የሚለየው እንዲህ ነበር፤ ድኩላ ከዓይኗም ከጆሮዋም ይልቅ አፍንጫዋ ነው የሚያድናት ይል ነበር። እኔን ሁልጊዜ ጭሱ ከማይደርስበት ወገን ነበር የሚያስቀምጠኝ። ያኔ ይህን ልብ አላልኩም፤ የጨዋታው ክፍል ነበር የመሰለኝ።

የሚነግረን ወግ ብዙ ነው፤ የአዞ አለ፣ የከርከሮ አለ፣ ጉማሬ ጀልባውን የገለበጠበት አጎቱ አለ። እኛ ግን የምንጠይቀው ያችን ድኩላ ብቻ ነበር፤ ምክንያቱም መጨረሻዋን ሰምተን አናውቅም። አባባ ያወጣው ሕግ ነበር። እሱ «ገባሁ» ካለበት ጊዜ ጀምሮ እኛም ከእሱ ጋር ደን ገብተናል፤ ደን የገባ ሰው አይናገርም፣ አይስቅም፣ አያስነጥስም፣ አይስልም። ድምፅ ያሰማ ሰው ካለ አባባ ጦር የያዘ ያህል ያነሳውን እጁን ቀስ አድርጎ ያወርድና አንዲት ቃል ይናገራል።

«ተረፈች።»

በቃ፣ አለቀ። ብንለምነው፣ እግሩን ብናሸው፣ ብናለቅስ አይመለስም። የደነበረች ድኩላ የዚያኑ ዕለት አትመለስም ብሎ ጸሎት እንድንጀምር ያዘናል። በጸሎቱ ሰዓት የፈለግኩትን ያህል ብስል ምንም የሚለኝ የለም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኝ ነበር።

ማን እንደሚያስደነብራት መናገር አያስፈልግም። አልፎ አልፎ ታናሽ ወንድሜ ይስቃል፣ አንዴም ድመቷ ክዳን ጥላለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። የአጎቴ ልጆች «ጥሩንባ» የሚል ስም አወጡልኝ። ታላቃቸው ታምሩ፣ አባቱ የገዛለትን የእጅ ሰዓት አስሮ የሚዞር፣ በሁሉም ነገር አለቃ መሆን የሚወድ ልጅ ነበር፤ ያን ክረምት ነገሩን እንደ ቁም ነገር ያዘው። በማግስቱ ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ነው። መጨረሻውን ሳይሰሙ ሊሄዱ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙዙ ውስጥ ሰብስቦን ውሳኔውን ነገረን፤ እኔ ዛሬ ማታ ከእናቴ ዘንድ ልቆይ፣ ነገ ሌሎቹ ሰምተው ይነግሩኛል።

አለቀስኩ። ቀስ ብሎ የሚወርድ እንባ አይደለም፣ እየጮህኩ ነው ያለቀስኩት። ወጉን ከሌላ ሰው አፍ መስማት ሌላ ሰው ሲበላ እንደማየት ነው፤ ያንን ማንም ልጅ ያውቃል። በመጨረሻ ታምሩ ሰለቸውና ለዘብ አለ።

«እሺ፣ ግቢ። ከሳልሽ ግን ከዛሬ በኋላ፣ እኛ በመጣን ቁጥር፣ እሳቱ ጋ አትቀመጪም። ማይ።»

ማልኩ። ከዚያ በኋላ የዋልኩት ራሴን ሳዘጋጅ ነው። ዝንጅብል አኘክሁ፣ ማር ላስኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪቃጠል ነጭ ሽንኩርት በላሁ፤ ቀኑ አልመሽ ብሎኝ ጓሮ ሄጄ ያለኝን ሳል ሁሉ ስዬ ልጨርሰው ሞከርኩ። ማታ ላይ የአባቴን ጋቢ ተከናንቤ ገባሁና ጫፉን በጥርሴ ነክሼ ተቀመጥኩ። እማማ ከጥጓ ሆና ከላይ እስከ ታች አየችኝና እንዝርቷን ማሾር ቀጠለች።

አባባ አመዱን ለቀቀ። አየው። «ገባሁ» አለ።

አባባ ወጉን የሚያወራው በጋሞኛ ነው፤ እኔ አሁን በአማርኛ ስጽፈው ግማሹ ጣዕሙ እንደሚጠፋ አውቃለሁ፤ ግን ልሞክር። ሌሊቱን ዝናብ ዘንቧል። ቅጠሉ ርሷል፣ ሲረገጥ አይንኮሻኮሽም፤ ለአዳኝ ከዚህ የተሻለ ጠዋት የለም። አባባ ገና ጢሙ ያልሞላ ጎረምሳ ነው፤ ታላላቆቹ ድኩላ ጥለው ሲመጡ እሱ ጅግራ ይዞ እየመጣ መሳቂያ ሆኗል። ዛሬ ባዶ እጄን አልመለስም ብሏል። ወንዙ ዳር አሸዋው ላይ ኮቴ አየ፤ ጎንበስ ብሎ አየው፤ ውሃው ገና ወደ ኮቴው ጉድጓድ እየገባ ነው። አሁን ነው ያለፈችው። ከፍ ብሎ ቅጠል ተቀንጥሷል፤ የተቀነጠሰበትን በጣቱ ነካው፣ እርጥብ ነው። አባባ ይህን ሲል አውራ ጣቱን ከጠቋሚው ጋር ያሻሸዋል፤ እኛም ሁላችን ጨለማው ውስጥ ጣታችንን እናሻሻለን።

ከዚያ ደኑ ጠበበ። እዚህ ላይ አባባ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ለመስማት ወደ እሱ እንጠጋለን፤ ተጠጋግተን ተጠጋግተን ትከሻ ለትከሻ እንገጥማለን። በእንዲህ ያለ ደን ውስጥ ጦር አይወረወርም። ሐረጉ ይይዘዋል፣ ቅርንጫፉ ያጣምመዋል። ድኩላ የሚፈልግ ሰው የጦሩ ጫፍ ሊነካት እስኪደርስ ድረስ መቅረብ አለበት፤ እንጨቱን ከክንዱ ሥር አጋድሞ፣ በሆዱ እየተሳበ፣ አንዱን ቅጠል ሲያልፍ ሌላውን በእጁ እየያዘ። ከላይ ጉሬዛዎቹ አዩት። አንዱ ጉሬዛ ቢጮህ ሁሉም ነገር ያልቃል። ግንባሩን መሬት ላይ ደፍቶ እንደ ሞተ ሆነ። ጉሬዛዎቹ አይተው አይተው ተዉት። ቀና ሊል ሲል ገብረ ጉንዳን እግሩ ላይ ወጣ። በባቱ ወጣ፣ በጉልበቱ አለፈ፣ ነከሰው፤ እሱ አልተነቃነቀም። ታናሽ ወንድሜ ድምፅ ሳያሰማ እግሩን ሲያክ አየሁት። እኔም ይበላኝ ጀመር።

በዚያን ጊዜ ነው ደረቴ ውስጥ የተቀመጠው ነገር የተንቀሳቀሰው።

መጀመሪያ እንደ ላባ ነበር። ጋቢውን ጠበቅ አድርጌ ነከስኩት። አባባ ቅጠሉን በሁለት ጣቱ ገለጥ አደረገ። አያት። ቀይ ጀርባ፣ ጎኗ ላይ ነጭ ነጠብጣብ፣ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር እየለቀመች ነው። ከዚህ ቀደም ከዚህ አልፈን አናውቅም። ታምሩ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ሳሉ ከደረቴ ተነስቶ ጉሮሮዬ ሥር መጣ። ዋጥኩት፤ ተመልሶ መጣ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ እሳቱ ሁለት ሆኖ ታየኝ፣ ከዚያ ሦስት ሆነ። አባባ ከበርጩማው ተነሳ፤ ቀስ ብሎ፣ ጉልበቱ ሲንቋቋ ሳይሰማ። ቀኝ እጁን ወደ ኋላ ሳበው። ጥላው ግድግዳው ላይ እስከ ጣራው ወጣ። እጄን ብዘረጋ እነካታለሁ አለ በሹክሹክታ። ትንፋሼን ያዝኩ አለ። እኛም ያዝን። ከእኔ በቀር ሁሉም ያዙ፤ እኔ የምይዘው ትንፋሽ አልቆብኝ ነበር፤ ጆሮዬ ይጮሃል፣ ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል፣ ከአሁን አሁን ፈነዳሁ እያልኩ ነው።

ሳል ተሰማ።

ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። ታምሩ በቁጣ ጣቱን ቀሰረብኝ። እኔ ጋቢው አፌ ውስጥ እንዳለ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ፤ አይደለሁም። እውነትም አልነበርኩም። ሳሉ የመጣው ከኋላችን ነው፤ ከጥጥ ዘንቢሉ አጠገብ። እማማ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን እየጠረገች ነበር።

አባባ እጁን አወረደ። «ተረፈች» አለና እንደ ልማዱ ጸሎት ያዙ ይለናል ብለን ስንጠብቅ መሳቅ ጀመረ። ሲስቅ ሲስቅ እንባው መጣ፣ ተመልሶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ ጭኑን መታ። እማማም ሳቀች። እኛ ምን እንደሚያስቃቸው ሳናውቅ አንዳችን ሌላችንን እያየን ቀረን። ታምሩ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው፤ እማማን መቆጣት አይችልም፣ እኔንም መክሰስ አይችልም።

«ያኔ ሳላውቅ ነው የሳልኩት» አለች እማማ። «ዛሬ ግን አውቄ ነው።»

ታምሩ «ያኔ መቼ?» አለ።

እማማ ፈትሏን እንደገና ይዛ፣ የገበያ ወሬ የምታወራ ያህል፣ ነገረችን። ያን ጠዋት እናቷ ለእንጨት ልካት ሐሬ ወንዝ ዳር ነበረች። ያኔ ሴቶች እንጨት ሲሸከሙ ጀርባቸውን እንዳይወጋቸው ቆዳ ይደርቡ ነበር፤ የእሷ ቆዳ የጥጃ ነው፣ ቀይ፣ ጎኑ ላይ ነጭ ጠቃጠቆ ያለበት። ጎንበስ ብላ ጭራሮ ትለቅማለች። ሳምንቱን ሙሉ ወባ ይዟት ሰንብቶ ገና መነሳቷ ነው፤ ሳሉ አልለቀቃትም። ሳለች። ከኋላዋ የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማች። ዞር ስትል አንድ የማታውቀው ጎረምሳ ጦሩን ጥሎ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ይንቀጠቀጣል፤ ጥርሱ ይጋጫል፤ መናገር አቅቶታል። ምስኪን፣ ይሄንንም ወባ ይዞታል ብላ በቅል የያዘችውን ውሃ አጠጣችው።

ውሃውን ከጠጣ በኋላ ነው ድኩላ መስላው ሊወጋት እንደነበር የነገራት። ምን አለችው ብለን ጠየቅን። ጭራሮ መዝዛ ደብድባዋለች። እጇ ሲደክማት ደግሞ እንጨቱን አሸከመችው፤ ወንድ እንጨት ተሸክሞ ሲመጣ ያየ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በር ላይ ወጥቶ ሳቀበት። እሱ ግን እስከ ደጃቸው ድረስ ተሸከመ። በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው አባቷ ቤት መጡ፤ በጋሞ ሰው ሣር ይዞ ተንበርክኮ ከለመነ እምቢ አይባልም፣ ምሕረት ተደረገለት። ከወራት በኋላ እነዚያው ሽማግሌዎች ያንኑ ጎረምሳ አስከትለው ተመልሰው ሲመጡ፣ የእማማ አባት ከበሩ ላይ ሆነው «ደግሞ ምን አደረገ?» ብለው ጠየቁ። ልጅዎን ለትዳር ሊጠይቅ ነው አሏቸው።

አባባ ዓይኑን እየጠረገ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ጦር ይዞ ደን ገብቶ እንደማያውቅ ነገረን። የያኔው ቅዝቃዜ አሁንም ሲያወራው እጁ ላይ እንደሚመጣበት ነገረን። እኔ ያኔ ነበር የገባኝ። ያን ሁሉ ማታ ስለዚያች ድኩላ ሲያወራ ጀርባዋን ነግሮናል፣ ጎኗን ነግሮናል፤ ጭንቅላቷን ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠቀሰም። ወጉም አልተቋረጠም ነበር፤ መጨረሻው ሳል ነው። እኔ ያን ሁሉ ክረምት ያበላሸሁ እየመሰለኝ ስጨርስለት ነው የከረምኩት።

ይህ ሁሉ በጭንቅላቴ ሲዞር ጋቢው ከአፌ ወደቀ፤ የያዝኩት ሳልም ወጣ። ወጣ አልኩ እንጂ ፈነዳ ነው። ሳልኩ ሳልኩ፤ ድመቷ ሸሸች፣ ኩራዙ ተርገበገበ፣ ታናሽ ወንድሜ ጀርባዬን እየደበደበ ሳቀ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ስዬ አላውቅም። ሳልጨርስ አባባ ወደ ታምሩ ዞረ። ሙዙ ውስጥ የተባለውን ማን እንደነገረው አላውቅም፤ እማማ ትመስለኛለች።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ፣ «ይቺ ልጅ ካልሳለች ወጉ አያልቅም። ቦታዋ እዚህ ነው፣ ከእኔ ቀኝ።»

ታምሩ በማግስቱ ሲሄድ ሰዓቱን ፈትቶ ለአንድ አፍታ እንዳስረው ሰጠኝ። ይቅርታ የሚለውን ቃል የሚጠራበት መንገድ ያ ነበር።

አሁን የምኖረው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ነው። ሳሉ የአሥራዎቹን ዕድሜ ስጨርስ መቼ እንደሄደ ሳላውቀው ተወኝ። እማማ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ክረምት አባባ ለዓይኑ ሕክምና መጥቶ እኛ ቤት ሰነበተ፤ ጆሮውም ደክሟል፣ እጁም ይንቀጠቀጣል። አንድ ምሽት፣ ገና እራት እንደበላን፣ መብራት ጠፋ። ልጆቼ ስልክ ሊከፍቱ ሲሉ አባባ ከከሰል ምድጃው ዳር አመድ ቆንጥሮ ለቀቀው። ልቤ እንደ ልጅነቴ ዘለለ።

«ገባሁ» አለ።

ልጆቼ ትንፋሻቸውን ያዙ። ያው ዝናብ፣ ያው ኮቴ፣ ያው ጉሬዛ፤ ገብረ ጉንዳኑ ሲመጣ ትንሿ ልጄ እግሯን ስትሰበስብ አየኋት። አባባ ድጋፍ ይዞ ተነሳ። እጁን ወደ ኋላ ሳበ። ጥላው ግድግዳው ላይ ወጣ። ልጆቼ ጨዋ ናቸው፣ ጤነኞችም ናቸው፤ ማንም አልሳለም። አባባ እጁን እንዳነሳ ቆየ። ከዚያ ራሱን አዞረና ጥጉን አየ፤ እማማ ብትኖር ኖሮ ጥጥ ይዛ የምትቀመጥበትን ጥግ። እጁን ግን አላወረደም።

ሳልኩ። አልሰማኝም። ሳሉ ከተወኝ ብዙ ጊዜው ነውና የተኮረጀ ደካማ ነገር ነበር የወጣው። ተነስቼ አጠገቡ ሄድኩ፤ ያን የድሮውን፣ ጭስ የሚያስነሳውን፣ ከደረቴ ሥር ፈልጌ አመጣሁትና ጆሮው ሥር በሙሉ ኃይሌ ሳልኩ።

አባባ እጁን አወረደና በርጩማውን በዳሰሳ ፈልጎ ተቀመጠ።

«ተረፈች» አለ።